ስሙን የያዘው ደረቅ ቅርንጫፍ

ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅ ሲወረድ ደጋው ወደ ኋላ ይቀርና ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀው የዋግ አበርገሌ ቆላ ይመጣል። በዚያ ድንጋያማ ተረተር ላይ፣ አፈር ያለ በማይመስልበት ቦታ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ ነው። ልጡ በስስ በስሱ እየተላጠ ይነሳል። ግንዱ ሲቆሰል ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ይለቀምና በየቤተ ክርስቲያኑ ጽና ላይ ይጤሳል፣ ቡና በተፈላበት ቤትም ይሸታል። አበርገሌ ውስጥ ኽምጣንኛም፣ አማርኛም፣ ትግርኛም ስለሚነገር ዛፉ በአንድ ወረዳ ብቻ ከአንድ በላይ ስም አለው። ሳይንስ ግን አንዱን ብቻ ያጸድቅለታል፦ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ።

ይህ ስም በምን ተይዞ ይኖራል? መጽሐፍ ላይ የሰፈረው መግለጫ ብቻውን አይበቃም። መግለጫ ያሻማል፤ «ቅጠሉ ጸጉራም» ሲባል የአንዱ ጸጉራም ለሌላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዕፅዋት ስም አሰጣጥ ሕግ እያንዳንዱን የዝርያ ስም ከአንድ ተጨባጭ ናሙና ጋር ያስረዋል። ናሙናው ብዙውን ጊዜ ቅጠልና አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ነው። በወረቀት መሀል ተጭኖ ይደርቃል፣ በካርቶን ሉክ ላይ ይለጠፋል፤ ከግርጌው ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ከፍታ እንደለቀመው ይጻፋል። የስሙ መሠረት የሆነው ሉክ «ታይፕ» ይባላል። ታይፑ የዝርያው ምርጥ ወይም የተሟላ ተወካይ እንዲሆን አይጠበቅም፤ የከሳ፣ ተባይ የበላው ሊሆን ይችላል። ሥራው ክርክር ሲነሳ መልስ መስጠት ነው። አንድ ዝርያ ተብሎ የቆየው ሁለት ሆኖ ቢገኝ፣ የድሮውን ስም ይዞ የሚቀረው ታይፑ ያለበት ወገን ነው፤ ሌላው አዲስ ስም ይፈለግለታል።

የእጣን ዛፋችን ስም መሠረት ከዋግ አልተለቀመም። ፍሬደሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ በ1821 እና 1822 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የስም ሕጉም የሚሄደው በዚያው ነው) የግብጹን ጦር ተከትሎ ወደ ሰናርና ከዚያ በላይ ወዳለው የጥቁር ዓባይ አገር ዘልቆ ነበር። ይዞት የተመለሰውን ዕፅዋት ያጠናው ደሊል ነው፤ ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ የዘመተው የእፅዋት ሊቅ። በ1826 ዛፉ አሚሪስ ፓፒሪፌራ ተባለ፤ ሁለተኛው ቃል የወረቀት ልጡን ያነሳል። በኋላ ሆክስቴተር የተባለ ጀርመናዊ ወደ ቦስዌሊያ አዛወረው። ቦስዌሊያ ራሱ የአንድ የስኮትላንድ ሐኪም መታሰቢያ ነው። የአበርገሌ እጣን ለቃሚ የማያውቀው ሐኪምና የማያውቀው ዘማች በዛፉ ስም ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

በዚህ የሚቆጭ ሰው ቁጭቱ ይገባኛል፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያደርስም። ሕጉ የሚጠይቀው በዛፉ ሥር የኖረው ማን እንደሆነ አይደለም፤ ከ1753ቱ የሊኔየስ መጽሐፍ ወዲህ በትክክል ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው ስም የትኛው ነው ብሎ ነው። እንሰት እንኳ የዛሬ ስሙ የቆመው ቬልቪች የተባለ የዕፅዋት ለቃሚ ከአንጎላ ባመጣው ተክል ላይ ነው፤ ዓለም እንሰትን የሚያውቀው ግን በኢትዮጵያ ነው።

ከእኛ አካባቢ ከሁሉም ይበልጥ የለቀመው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 የላከው በኤስሊንገን ከተማ ሆክስቴተርና ሽቶይደል የሚመሩት የተጓዦች ማኅበር ሲሆን፣ የማኅበሩ አሠራር የአክሲዮን ነበር፤ ገንዘብ ያዋጣ ሰው በድርሻው የደረቀ ተክል ይደርሰዋል። ሺምፐር ግን አልተመለሰም። በደጃዝማች ውቤ ዘመን እንጢጮን እስከ ማስተዳደር ደረሰ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ከሰሜን ተራሮች፣ ከትግራይና ከተከዜ ሸለቆ የለቀማቸው ተክሎች ለብዙ ስሞች ታይፕ ሆነዋል። ሳማችን ኡርቲካ ሲመንሲስ የተባለው በሰሜን ተራራ ነው፤ ጦስኝ ደግሞ ቲመስ ሺምፐሪ ሆኖ የለቃሚውን ስም ተሸክሟል። የሺምፐርን የተከዜ መለያ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «ድሸላድሸራኔ» የሚል ቦታ ያገኛል፤ በጀርመን ጆሮ የተጻፈ የአገር ስም ነውና ካርታ ላይ መፈለጉ ለተመራማሪዎች የራሱ ሥራ ሆኗል።

ያ የአክሲዮን አሠራር ሳይታሰብ አንድ ጥቅም ሰጠ። ሺምፐር ከአንድ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ እየቆረጠ፣ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ይልክ ስለነበር ቅጂው በፓሪስ፣ በለንደኑ ኪው፣ በበርሊን፣ በሌላም ቦታ ተበተነ። በማርች 1943 የበርሊን ዳሌም ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ቤት) በቦምብ ሲጋይ አብዛኛው ክምችት አመድ ሆነ፤ በውስጡ የኢትዮጵያ ታይፖችም ነበሩ። ያኔ ስሞቹን ያተረፏቸው እነዚያ ቅጂዎች ናቸው። ዋናው ታይፕ ሲጠፋ ሕጉ ከተረፉት ቅጂዎች አንዱን መርጦ በቦታው ለመተካት ይፈቅዳል። ሁሉም ናሙና በአንድ ሕንፃ ይሁን የሚል ሰው የዳሌምን ነገር ቢያስብ ጥሩ ነው፤ ያ ሕንፃ አገር ቤት ቢሆንም እንኳ።

አገር ቤት ያለው በ1959 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው፤ አራት ኪሎ፣ በሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ። ከ1980 ጀምሮ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራው የፍሎራ ፕሮጀክት እነ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ ኦሎቭና ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ ሠርተው በ2009 የመጨረሻው መጽሐፍ ወጣ። ስምንት ቅጽ ነው፤ 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል፤ ከአሥር አንዱ ያህል ከዚህ ሌላ የትም የማይበቅል ነው። መጽሐፉ አገሩን የሚከፍለው በድሮው ክፍለ ሀገር ስለሆነ ዋግን የፈለገ አንባቢ ወሎን መመልከት አለበት። የእጣን ዛፍ ወገን በ1989 በታተመው ሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ነው።

በዚሁ ትውልድ ስም ሰጪዎቹም ኢትዮጵያውያን ሆኑ። መስፍን ታደሰ ቀበርቾን ሲሰይም ኢኪኖፕስ ቀበርቾ አለው፤ ገበያ ላይ የሚጠራበትን ስም እንዳለ ወሰደው። የአደይ አበባን አንዱን ዝርያ ደግሞ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ወደሚባል ስም አዛወረ። ስለዚህ ከስሙ በኋላ በቅንፍ የድሮዎቹ ሰዎች፣ ከቅንፉ ውጭ «መስፍን» ይነበባል። ቅንፉ የቀደመውን ሰው ሥራ የማክበር ደንብ ነው፤ ተክሉን ወደ ሌላ ወገን ያዛወረው ሰው ስሙን ከውጭ ይጽፋል እንጂ የፊተኛውን አይፍቅም።

ወደ አበርገሌ እንመለስና፣ የእጣን ዛፍ ለናሙና ለቃሚ አስቸጋሪ ተክል ነው። የሚያብበው በአብዛኛው በበጋ፣ ቅጠሉን ባራገፈ ጊዜ ነው፤ ቅጠሉ የሚወጣው ዝናብ ሲጥል ነው። ሁለቱን በአንድ ሉክ ለማየት የፈለገ ሰው በሁለት ወቅት መውረድ አለበት፣ ያውም ከአንዱ ዛፍ ለመቁረጥ ምልክት አድርጎ። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ እንዳይመስል፣ በተከዜና በዓባይ ሸለቆዎች ውስጥ ቦስዌሊያ ፒሮቴ የሚባል፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዘመዱ ይበቅላልና ሁለቱን መለየት ያሻል። ስሙን የሰጠው ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ ነው።

ነጋዴ ይህን ሁሉ ሳያነብ እጣንን በምንጩ ይለያል፤ የትግራይ፣ የኦጋዴን፣ የቦረና ይለዋል። «የትግራይ» የሚባለው ከዚህ ከፓፒሪፌራ የሚገኘው ነው፤ የዋግም ሆነ የመተማ እጣን በዚያው ስም ይሸጣል። የኦጋዴኑና የቦረናው ከሌሎች የቦስዌሊያ ዝርያዎች ይመጣሉ። ልዩነቱ ዋጋ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2019 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ 23 የፓፒሪፌራ ደኖችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አድጎ እንዳልተተካና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል። ምክንያቶቹ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ግንድ የሚበላ ተባይና ከልክ ያለፈ ማቁሰል ናቸው። ይህ ትንበያ የተነገረው ስለ አንድ ዝርያ ነው፤ ስለ ፒሮቴም፣ ስለ ቦረናው ዛፍም አይናገርም። ኒሯቅ አካባቢ ተዳፋት አጥሮ ከከብት የሚጠብቅ ወጣትም ሆነ ችግኝ የሚያፈላ ጣቢያ፣ ዘሩን የወሰደበት ዛፍ የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጠው ከዚያው የተቆረጠ ቅርንጫፍ አራት ኪሎ ካሉት ሉኮች ጎን ተዘርግቶ ሲታይ ነው።