ምዕራፍ አምስት፦ ተራራው አንድ፣ አንባቢው ብዙ

በሰሜን ተራሮች አጠገብ፣ ደባርቅ ላይ የሚኖር ወጣት ስለ አካባቢው መጻፍ ሲጀምር የመጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ገደሉ ይወደሳል፣ ጉሙ ይወደሳል፣ የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት ይወደሳል። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያሉ የአገሩ ልጆች አንብበው ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛውም ውዳሴ፣ ሦስተኛውም ውዳሴ ሲሆን ግን አንባቢው ይቀራል። ተቀይሞ አይደለም፤ የሚያነበውን አስቀድሞ ስላወቀው ነው።

ብዙ ጸሐፊ ያኔ መፍትሔው ቶሎ ቶሎ መጻፍ ይመስለዋል። የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ የጽሑፉን ዓይነት ይለውጥ። የሰሜን ተራሮችን የጻፉ ሦስት የውጭ ሰዎችን እንይ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገሩን ዞሮ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በቅሎ እየነዳች ያደረገችውን ጉዞ በ1968 በመጽሐፍ አወጣች። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የመጀመሪያ ዋርደን የነበረው ሲ. ደብሊው. ኒኮል ደግሞ ፓርክ የማቋቋምን መከራ ጻፈ። ተራራው ያው ነው፤ የሦስቱ አንባቢዎች ግን መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚተዋወቁ አይደሉም።

ከሁሉ የሚናቀው የመረጃ ጽሑፍ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ውበቱ ሰምቷል፤ የጎደለው ሌላ ነው። ከጎንደር ደባርቅ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ እንደሚገኝ፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት እዚያው እንደሚያዝ፣ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ካምፕ ለማደር ጋቢ ብቻ እንደማይበቃ ንገሩት። በክረምት ጉሙ ገደሉን ሊሸፍንበት እንደሚችል፣ ጥቅምት ላይ ግን አገሩ አረንጓዴ ሆኖ እንደሚጠብቀውም ጨምሩ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወጣበት ቀን ማንም አያጨበጭብለትም፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ተፈልጎ ይነበባል። ዋጋ ከጠቀሳችሁ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። ባረጀ ዋጋ ተማምኖ የመጣ እንግዳ ሌላውንም ጽሑፋችሁን አያምንም።

«ለምን?» ብሎ የሚነሣ ጽሑፍም ሩቅ ይሄዳል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ይባላል፤ ዋልያ በዱር የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ደጋፊ ግን ስንት ነው? ስለ ተራራ አንብቦ የማያውቅ የኳስ ወዳጅ በዚህ በኩል ይገባል። የጦጣ ዘመድ ሆኖ በዋናነት ሣር የሚግጠው ጭላዳም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ ልጆች የወደዱትን ደግሞ ወላጅ ያነባል።

ዜና ቶሎ ይሻግታል። ፓርኩ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። የመውጣቱ ዜና የሰሞን ወሬ ነበር። የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ እርሻና ግጦሽ፣ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ እንዴት አደጋ ላይ እንደጣሉት የሚተርክ ጽሑፍ ግን ዛሬም አንባቢ አለው።

ከባዱ የሰው ታሪክ ነው፤ ታማኝ አንባቢ የሚያፈራውም እሱ ይመስለኛል። ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። «ማኅበረሰቡ ተዛወረ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሪፖርት ጽፏል። ከእነሱ አንዷን እናት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ገብሱን ከራስ ማሳ ማጨድና ከገበያ መሸመት በምን እንደሚለያዩ ብታነጋግሯቸው ግን አንባቢው እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስም እንዲጠቀስ ካልፈለጉ አይጠቀስ። ተመልሳችሁም የጻፋችሁትን አንብቡላቸው።

ወግም ቦታ አለው። መስፍን ሀብተማርያም ተራውን የከተማ ኑሮ በወግ አስነብቦናል፤ የደባርቅ መናኸሪያም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ብቻ ሳቁ ከገበሬው ጋር ይሁን፣ በገበሬው ላይ አይሁን።

ዓይነቶቹን ግን አያይዟቸው። የጉዞ መረጃ ፈልጎ የመጣ ሰው ከጽሑፉ ግርጌ የዋልያውን ታሪክ መጠቆሚያ ያግኝ። የዳባት አንባቢ ደግሞ ሁለቱንም ላይፈልግ ይችላል። ገደሉን ዕለት በዕለት ያየዋል፣ የገብስን ዋጋም ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል። ዋጋው ለምን እንደወጣ፣ ምርጥ ዘር ለምን እንደዘገየ ኃላፊውን ጠይቃችሁ ብትጽፉለት ግን ስልኩን ለጎረቤቱ ያቀብላል።