የምግብ አሠራር መጽሐፍ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

ረመዷን ሲቃረብ አዲስ ምግብ መሞከር ያምረናል፤ ብዙዎቻችን የምግብ አሠራር መጽሐፍ የምንገዛውም ያኔ ነው። የምንመርጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፎቶግራፉ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚያብረቀርቀው ዶሮ ግን መጽሐፉ ለቤታችሁ ይሁን አይሁን አይነግራችሁም። ይህን የሚነግሯችሁ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ናቸው።

መድኃኒት ቤት «ጥቂት ውሰጂ» የሚል ማዘዣ ይዞ የሚመጣ የለም። ምን ያህል፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን ተብሎ ይጻፋል። «ጨው በመጠኑ፣ ዘይት እንደሚበቃ» እያለ የሚያልፍ መጽሐፍ ለምታውቅ እናት ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ገና ለምትማር ልጅ ግን አይሆናትም። እ.ኤ.አ. በ1226 በባግዳድ የተጻፈው የሙሐመድ አል-ባግዳዲ «ኪታቡ-ጥ-ጦቢኽ» እንኳ ከተምርና ከዳቦ ለሚሠራው ሐይስ ደረቁን ዳቦ አንድ ረጥል፣ ተምሩን የረጥል ሦስት አራተኛ ብሎ በሚዛን ያስቀምጣል። የዛሬው መጽሐፍ ከዚያ ማነስ የለበትም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ቀድማችሁ ጨውን ፈልጉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ እየዋጡ ግፊታቸው አልወርድ የሚላቸው ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ድስቱም ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። መጽሐፉ «ለ4 ሰው» ብሎ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ካዘዘ፣ እያንዳንዱ ሰው በአንድ ምግብ ብቻ ከቀኑ ድርሻ ግማሹን አለፈ ማለት ነው። በላዩ የሾርባ ኩብ ጨምሩ ካለ ደግሞ ኩቡም በአብዛኛው ጨው ነው። እኛ በአንድ ትሪ ስለምንበላ ማን ምን ያህል እንደደረሰው አይታወቅም፤ ስለዚህ «ለስንት ሰው» የሚለው መስመር የሌለበትን መጽሐፍ አልመክርም።

«አንድ ኩባያ» ሲል የትኛው ኩባያ? በአሜሪካ መጻሕፍት 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በሌሎች 250 ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ መጽሐፍ 20 ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ነው፤ በየቤታችን ያሉት ማንኪያዎች ግን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ከልጆች ሽሮፕ ጋር በሚመጣው መስፈሪያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ ማንኪያችሁ ላይ አፍስሱት፤ ልዩነቱን ታያላችሁ። (በዚህ አጋጣሚ፦ ለልጅ መድኃኒት በወጥ ቤት ማንኪያ አትስጡ።) ኦቨኑን 350 ላይ አድርጉ ካለ ፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ 175 ገደማ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መጽሐፉ የተጻፈበት አገር ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ገደማ፣ በድሬዳዋ በ96 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቤሩት ወይም ከለንደን የመጣ መጽሐፍ ለሽምብራ የሰጠው ሰዓት እዚህ አይበቃም። ኬክም በደጋ ቶሎ ተነፍቶ መሃሉ ይሰረጉዳል፤ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ ያስፈልጋል። የቀይ ቦሎቄ ነገር ግን ከጣዕም ያልፋል። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት አለበት፤ በደጋ ከዚያም በላይ። ሳይፈላ በለዘብተኛ እሳት ብቻ አብስሉት የሚል መጽሐፍ ካገኛችሁ ቦታው ላይ መልሱት።

ከውጭ የመጣ ከሆነ ወይን ጠጅ፣ የአሳማ ስብና ጄላቲን ስንት ገጽ ላይ እንዳሉ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። «አልኮሉ በእሳት ይተናል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የተወሰነው ይቀራል፣ መጠኑም እንደ ማብሰያው ሰዓት ይለያያል። በአልኮል የሚዘጋጅ ፈሳሽ ቫኒላም አለ፤ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 35 በመቶው አልኮል ነው። ምትኩን የሚነግር፣ ለምሳሌ በወይን ጠጁ ፈንታ መረቅና ጥቂት ሎሚ የሚል መጽሐፍ ይሻላል። የሕፃናት ምግብ ክፍል ካለው ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳለበት ተመልከቱ።

መደብሩ ውስጥ እንዳላችሁ አምስት ምግብ ምረጡና የሚያስፈልጉትን ነገሮች አንብቡ። ቢያንስ ሦስቱን ከሰፈራችሁ ጉሊትና ሱቅ ሸምታችሁ መሥራት ካልቻላችሁ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ገንዘቡ ካልተገኘም ባዶ ደብተር ይበቃል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወጥ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ከበርበሬውና ከጨው በእጃቸው ያነሡትን ድስት ውስጥ ሳይጨምሩት ሳህን ላይ ያድርጉላችሁ፤ በማንኪያ ሰፍራችሁ መልሱላቸው። ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደበላና ድስቱ ምን ያህል ሰዓት እንደተጣደ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ይሥቁባችሁ ይሆናል።