ሕፃናት በቤት ሲቆዩ፦ የእንስሳት ልጆችን ሥዕል ቀለም መቀባት

የኮሮና ቫይረስ በሽታን ለመከላከል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው በርካታ ሕፃናት ከጓደኞቻቸው ተለይተው በቤት ለመዋል ተገደው ነበር። ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት ስጋታቸውን በቃላት መግለጽ ስለሚያዳግታቸው፣ ጭንቀታቸው በለቅሶ፣ በእንቅልፍ መረበሽ ወይም ከወላጅ አልለይም በማለት ሊታይ ይችላል።

የጥጃ፣ የግልገል፣ የጫጩትና የውርንጭላ ሥዕል ቀለም መቀባት ለጨዋታም ለጭውውትም ያመቻል። የታተመ ሥዕል ባይኖር ወላጅ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ በጉልህ መስመር ሊሥል ይችላል። ሕፃኑ ከመስመር ቢወጣ ወይም ጥጃውን ሰማያዊ ቢቀባ መታረም የለበትም፤ መሞነጫጨሩ ራሱ ጣቶቹን ያለማምደዋል።

እናት በበሽታው ተይዛ ለብቻዋ ከተቀመጠች፣ ሕፃኑ ጫጩት ሲቀባ «እናቷ የት ሄደች?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አሳዳጊው ጥያቄውን ሳያልፍ፣ «እማዬ ስለታመመች ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ ያመማት በአንተ ጥፋት አይደለም» በማለት እውነቱን በአጭሩ ይንገረው፤ ሕፃናት ሕመሙ በእነርሱ ጥፋት የመጣ ሊመስላቸው ይችላልና። የቀባውንም ሥዕል በስልክ ፎቶ አንስቶ ለእናቱ መላክ ናፍቆቱን ያቀልለታል።

ከመቀባት በፊትና በኋላ እጅ በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ሕፃናት እርሳስ ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ለእያንዳንዱ የራሱ ይሰጠው። ስብርባሪው ሊያንቃቸው ስለሚችልም አዋቂ ከአጠገባቸው አይለይ።