የኳስ ሜዳው ከቤት ሲርቅ

ሰው ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውሃው ከየት ይቀዳል፤ ገበያው ምን ያህል ይርቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑስ በየት በኩል ነው ብሎ ነው። ልጆች ያሉት አባት ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይኸውም ልጆቼ የሚጫወቱበትና ጨዋታ የሚመለከቱበት ሜዳ ወዴት ነው የሚል ነው። ስለዚህ የእግር ኳስ ሜዳ የሚሠራበት ስፍራ ጉዳይ ለስፖርት ሹማምንትና ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የቤተ ሰብም ጉዳይ ነው። ለዚህም ነገር ወላይታ ሶዶ መልካም ምሳሌ ትሆነናለች።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ድቻ የእግር ኳስ ክለብም የዚህች ከተማ ልጅ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከገባ ወዲህ ስማቸው የገነነ ክለቦች ወደ ሶዶ እየመጡ ይጋጠሙት ጀመር። ሜዳው በከተማው ውስጥ በመሆኑ አባት ልጁን በእጁ ይዞ በእግሩ ሄዶ፤ ጨዋታውን ተመልክቶ፤ ሳይመሽ ከቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር። እናትም ልጇ ወዴት እንደ ሄደ፤ ከማን ጋር እንደ ዋለና መቼ እንደሚመለስ ታውቅ ነበር። ይህ ነገር ለተመልካች ትንሽ ይመስላል፤ ለቤተ ሰብ ሰላም ግን ታላቅ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ድቻ የኢትዮጵያን ዋንጫ አሸነፈና በ2010 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ለመወዳደር በቃ። ነገር ግን ይህን የመሰለ ክብር ባገኘ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጡትን እንግዶቹን የተቀበለው በሶዶ አልነበረም፤ በሐይቅ ዳር በተመሠረተችው በሐዋሳ ከተማ ነበር። በመጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ከውድድሩ አስወጣ። ቀጥሎም አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን የግብጹን ዛማሌክን በሐዋሳ 2 ለ1 ረታው። ካይሮ ላይ በተራው 2 ለ1 ቢሸነፍም በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ3 አሸንፎ ወጣ። ከዚህ በኋላ የታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ በዳሬ ሰላም 2 ለ0 ስላሸነፈው፤ በሐዋሳ 1 ለ0 ቢረታውም ጉዞው በዚያ ተፈጸመ።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውለው። ድሉ የሶዶ ነበር፤ ድሉ የተገኘበት ሜዳ ግን የሶዶ አልነበረም። የመኪና ኪራይ የሚከፍል፤ ሥራውን ትቶ ለመሄድና በሌላ ከተማ ለማደር የሚችል ጎልማሳ ተጕዞ ተመለከተ። ሕፃን ያቀፈች እናት፤ ምርኵዝ የያዘ ሽማግሌና ገንዘብ የሌለው ተማሪ ግን እንዲህ ያለውን መንገድ እንዴት ይችሉታል? አንድ ቤተ ሰብ በአንድነት ሊያየው የሚገባው ደስታ ለሄደውና ለቀረው ተከፈለ።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለእንዲህ ያለው ውድድር የሚፈልገው ሜዳ ሣሩ የለመለመ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ መቀመጫ፤ የሌሊት መብራት፤ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል፤ የሕክምና ክፍልና የጋዜጠኞች ስፍራ ተሟልቶ እንዲገኝ ያዛል። በዚህም ነገር የተቸገረ አንድ ክለብ ብቻ አይደለም። የአገራችን ብሔራዊ ቡድን እንኳ የሚፈቀድ ሜዳ በአገር ውስጥ ስላጣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ0 ያሸነፈው ባለቤት ተብሎ በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቆየ። የሶዶ ልጅም በእግሩ ሄዶ ያየው የነበረውን ክለቡን በመስታወት ውስጥ ማየት ግድ ሆነበት።

የሜዳ መዛወር ኀዘን ግን በድሀ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ኤቨርተን የሚባል ክለብ አለ። ከ1892 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ በኤውሮፓ አቈጣጠር ማለት ነው፤ ጉዲሰን ፓርክ በሚባል ሜዳ 133 ዓመት ሲጫወት ኖረ። ያ ሜዳ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሠራ ሲሆን በአንዱ ማዕዘን የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶት ይታያል። ክለቡ ግን ስፍራው ስለ ጠበበው ወደ ወንዙ ዳር ለመዛወር ቈረጠ። በ1848 የተከፈተውን ብራምሊ ሙር የተባለውን የመርከብ ወደብ በአሸዋ ሞልቶ ከ52 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዲስ ስታዲየም አቆመበት፤ በ2025ም ገባበት።

ይህ ሥራ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2021 ዩኔስኮ የሊቨርፑልን ወደብ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰርዘው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የስታዲየም ዕቅድ ነበር። አዲሱ ሜዳ ከአሮጌው የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ አያቱና አባቱ በዚያ የተቀመጡበት ሰው በመጨረሻው ቀን አለቀሰ። ነገር ግን የክለቡ ሹማምንት አንድ የሚመሰገን ነገር አደረጉ። አሮጌውን ሜዳ ሊያፈርሱት አስበው ሳለ ሐሳባቸውን ለውጠው የሴቶቹ ቡድን እንዲጫወትበት ሰጡት። ስለዚህ የሠፈሩ ቤተ ሰብ ሴት ልጁን ይዞ እንደ ጥንቱ በእግሩ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ሐይቅ ዳር የተሠራ ሜዳ ለዓይን ያማረ መሆኑን ማንም አይክደውም። ወላይታም ራሱ የአባያ ሐይቅ ዳርቻ አለው። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውሃ ከዘመን ወደ ዘመን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሕዝቡም የሚኖረው በደጋው በሶዶና በዙሪያዋ ነው። የውሃው ማማር ሕፃኑን ተሸክሞ አያደርሰውም፤ አምሽታ የምትመለሰውንም ልጅ አይጠብቃትም።

እንግዲህ በሥልጣን ላይ ላላችሁ የምናቀርበው ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፤ አዲስ ከማሰብ በፊት በከተማው ውስጥ ያለው ሜዳ መቀመጫው፤ መብራቱና ክፍሎቹ እንዲሟሉ ይታሰብ። ሁለተኛ፤ አዲስ ሜዳ መሥራት ግድ ከሆነ ፕላኑ ሲነሣ ሰው በእግሩና በጥቂት ገንዘብ በአውቶቡስ የሚደርስበት ይሁን፤ ለሴቶችና ለሕፃናትም የሚመች በርና ንጹሕ መጸዳጃ አይጓደልበት። ሦስተኛ፤ አሮጌው ሜዳ ለቤት መሥሪያ ተመትሮ አይሰጥ፤ ለሠፈሩ ልጆች፤ ይልቁንም ለሴቶች ልጆች መጫወቻ ይተውላቸው።

ለአባቶችና ለእናቶችም የምንለው አለ። ስለ ሜዳ ምክር በተያዘ ጊዜ ይህ የጎረምሶች ነገር ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ዛማሌክን ያሸነፈው ወጣት ኳስን የተማረው በታላቅ ስታዲየም አይደለም፤ እናቱ ስትጠራው ድምፅዋን በሚሰማበት ሜዳ ነው። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለሜዳም ይሆናል።