የቴሌቪዥን ሳቅ በምን ይመዘናል?

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ሲትኮም የሚባለው፣ የአንድ ቤት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች በየሳምንቱ እየተመለሱ ተመልካቹን የሚያስቁበት የቴሌቪዥን ተውኔት ከተጀመረ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ ፍጻሜ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2000 የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት የሙያውን ሰዎች ድምፅ ሰብስቦ ከአገሩ የቴሌቪዥን ሥራዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ለ«ፎልቲ ታወርስ» ሰጠ፤ በ2002 «ቲቪ ጋይድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት «ሳይንፌልድ»ን ከሁሉ አስቀደመ፤ በ2004 ደግሞ ቢቢሲ ሕዝቡን ራሱን ቢጠይቅ፣ ሕዝቡ ሊቃውንቱ ያነገሡትን ትቶ «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ»ን መረጠ። በዚህ አጭር ዘመን ሦስት ልዩ ልዩ ብያኔ የወጣው የሰው ስሜት እንደ መልኩ ስለሚለያይ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በአንድ ሚዛን፣ ሌላው በሌላ ሚዛን ስለ መዘነ ነው እላለሁ።

የተመልካችን ብዛት መመዘኛ የሚያደርጉ ሰዎች ምስክር አያጡም። በ«አይ ላቭ ሉሲ» የሉሲ ልጅ የተወለደበት ክፍል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሲታይ 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል፤ በማግሥቱ ጄኔራል አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ፈጽመው የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ሲረከቡ ያየው ግን 29 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ተውኔት ያስከበረው ቁጥሩ ሳይሆን የእጅ ሥራው ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ትርኢቶች ከኒው ዮርክ በቀጥታ እየተላለፉ በዚያው ሲቀሩ፣ ሉሲን ሆና የምትጫወተው የሉሲል ቦል ባል ዴሲ አርናዝ፣ ቀድሞ በጀርመን አገር «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን ፊልም ካነሡት አንዱ ከነበረው ከካሜራው ሊቅ ከካርል ፍሮይንድ ጋር ሆኖ፣ በሎስ አንጀለስ ሦስት የፊልም ካሜራ ባንድነት አቁሞ፣ በአዳራሽ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ተውኔቱን በፊልም ማስነሣት ጀመረ፤ ስለዚህ የሕዝቡ ሳቅ በእውነት ከሕዝቡ የወጣ ሆኖ ሳለ ሥራው ተጠብቆ ለተከታዩ ትውልድ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡት ብዙዎቹ ተውኔቶችም በዚሁ ሥርዓት ተገልግለዋል። ደግሞም ሉሲል ቦል በእውነት ፀንሳ ስለ ነበር ፅንሱ በተውኔቱ እንዲገባ ሲወሰን፣ ጽሑፉን አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪና አንድ የአይሁድ መምህር እንዲመረምሩት ተደርጎ ነበር፤ ይህም ሳቅ በየሰው ቤት ገብቶ በሥነ ምግባር ላይ ሥልጣን እንዳለው ገና ከጥንቱ የታወቀ ነገር እንደ ነበር ያስረዳል።

ከዚህም የተነሣ ሌሎች ደግሞ መመዘኛው ትምህርቱ ነው ይላሉ። ኖርማን ሊር ከአንድ የእንግሊዝ ተውኔት መነሻውን ወስዶ በ1971 «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ»ን ባቀረበ ጊዜ፣ ጥቁሮችንና አይሁዶችን አፉ እንዳመጣለት የሚዘልፈውን የኩዊንስ ሠራተኛ አርቺ ባንከርን በአደባባይ ያቆመው የአገሩን ጥላቻ በሳቅ ለመገሠጽ ነበር፤ ተውኔቱም በተመልካች ብዛት አምስት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ሆነ። ነገር ግን ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ያሳተሙት ጥናት፣ ጥላቻ በልባቸው ያደረ ተመልካቾች የሚስቁት በአርቺ ሳይሆን ከአርቺ ጋር እንደ ሆነ ገለጠ። ዘሩ አንድ ሲሆን ፍሬው እንደ መሬቱ ከተለያየ፣ ትምህርት ብቻውን የታላቅነት ሚዛን ሊሆን አይችልም።

እኔ የምይዘው ሚዛን ሌላ ነው፤ ይኸውም ተውኔቱ ሳቅን ማስነሣት ብቻ ሳይሆን ሳቅን ዝም ማሰኘት ያውቃል ወይ የሚለው ነው፤ ለዚህም ከሞት የሚበልጥ ፈተና የለም። «ሳይንፌልድ» አራት የተለያዩ ነገሮችን በሃያ ሁለት ደቂቃ ፈትሎ በመጨረሻ በአንድ ቋጠሮ የሚያስር፣ በጥበቡ ወደር የሌለው ሥራ ነው፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ላሪ ዴቪድ ግን ማንም እንዳይተቃቀፍ፣ ማንም ከስሕተቱ እንዳይማር ሕግ አውጥቶለት ነበርና፣ በ1996 የጆርጅ እጮኛ የሠርግ ጥሪ ፖስታ ስታሽግ በሙጫው ተመርዛ ስትሞት፣ ጓደኞቹ ከሆስፒታል ወጥተው ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። ይህ ድፍረቱ ያስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ግን በልብ የሚቀር ነገር የለውም።

«ማሽ» ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ታሪኩ በኮርያ ጦርነት በአንድ የአሜሪካ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ የሚያገለግሉ ሐኪሞች ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመርም የአሜሪካ ወታደሮች ገና በቬትናም ይሞቱ ነበር። ለእኛም ያ ጦርነት የባዕድ ወሬ አይደለም፤ ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ በዚያ ተዋግቷል፤ ከመቶ ሃያ የሚበልጡ ልጆቻችንም እዚያው ወድቀዋልና፣ በዚያ ምድር ቁስለኞች መካከል የሚነሣ ሳቅ ሲቀርብልን አጥብቀን መመርመር ይገባናል። ሠሪዎቹ ይህን ጥንቃቄ አልዘነጉም፤ የቴሌቪዥኑ ድርጅት ተቀድቶ የሚጨመረው ሳቅ የግድ ይግባ ቢላቸው፣ ሐኪሞቹ ቁስለኛ በሚያክሙበት ክፍል ፈጽሞ እንዳይሰማ ተከራክረው ፈቃድ አገኙ።

በማርች 1975 በታየው ክፍል የሆስፒታሉ አዛዥ ሄንሪ ብሌክ አገልግሎቱን ፈጽሞ፣ ወዳጆቹ ሁሉ እየሳቁና እየቀለዱ ወደ አገሩ ሸኙት። ወዲያው ራዳር የተባለው ወጣት ጸሐፊ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቶ፣ ሄንሪን የያዘው አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ መውደቁንና አንድም ሰው አለመትረፉን አነበበ፤ ሐኪሞቹም እጃቸውን ከቁስለኛው ላይ ሳያነሡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ያ የመጨረሻው ገጽ ሌላው ሁሉ ተነሥቶ እስኪያልቅ ድረስ ከአብዛኞቹ ተዋናዮች ተሰውሮ ነበር። ብዙ ተመልካቾች ተቆጥተው ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔ ግን በዚህ ዓይነት ተውኔት ከዚህ የሚበልጥ እውነት ሲነገር አላየሁም፤ ሦስት ዓመት የወደዱትን ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማጣት የጦርነት ባሕርይ ነውና።

«ማሽ» ነቀፋ የለበትም አልልም። ሦስት ዓመት የቆየውን ጦርነት አሥራ አንድ ዓመት አስረዝሞታል፤ በኋለኞቹ ዓመታትም ስብከቱ ቀልዱን ይጫነው ጀምሯል። አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ ሠርተው ያቆሙት የ«ፎልቲ ታወርስ» ደራስያን ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ በዚህ ረገድ ይበልጡታል፤ የመጠን ዳኝነት ቢሆን ኖሮ ዘውዱ የእነርሱ ነበር። በያዝኩት ሚዛን ግን ቀዳሚው «ማሽ»፣ ተከታዩ «አይ ላቭ ሉሲ»፣ ሦስተኛው «ፎልቲ ታወርስ» ነው፤ «ሳይንፌልድ»ም ከእነዚህ ቀጥሎ ይቆማል። ይህን ብያኔ የሚቃወም አንባቢ ቢኖር፣ ሙግቱን የወደደውን ተውኔት ስም በመጥራት ሳይሆን ሚዛኑን በመግለጥ እንዲጀምርልኝ እለምነዋለሁ።