አሮጌው ዴስክቶፕ ውዱን ላፕቶፕ ሲበልጥ

«ሮቦት ለመቆጣጠር ስንት ጊጋኸርዝ ያለው ኮምፒውተር ልግዛ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ጊጋኸርዙን ለጊዜው ተዉት። ሮቦት የሚፈልገው ሰዓት አክባሪ ኮምፒውተር ነው፤ ፈጣን ሁሉ ደግሞ ሰዓት አክባሪ አይደለም።

የሮቦቱ ክንድ በየ1 ሚሊሰከንዱ ትእዛዝ ይጠብቃል እንበል። ትእዛዙ ሺህ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንዴ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ አማካዩ ያስመሰግናል፤ ክንዱ ግን ይንገጫገጫል። ስቴፐር ሞተር ከሆነማ የባሰ ነው፤ እርምጃ ይስትና ቀሪውን ሥራ ሁሉ ከተሳሳተ ቦታ ይቀጥላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ከሁሉ የከፋው መዘግየት ነው።

ተራው ሊኑክስ ጊዜውን ለብዙ ፕሮግራም ለማካፈል የተሠራ ስለሆነ ለዚህ አይመችም ነበር። በ1990ዎቹ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቪክቶር ዮዳይከንና ማይክል ባራባኖቭ አርቲሊኑክስን ሲሠሩ የዘየዱት ዘዴ እስካሁን ይገርመኛል፦ ትንሽ ከርነል ከሥር አስቀምጠው፣ ሊኑክስን በሙሉ ሌላ ሥራ ሲጠፋ ብቻ ተራ የሚደርሰው አደረጉት! ፕሪኤምፕት አርቲ የተባለው ማሻሻያ ደግሞ ራሱን የሊኑክስን ከርነል ለወጠው፤ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በሊኑክስ 6.12 ወደ ዋናው ከርነል ገባ።

ሶፍትዌሩ በነጻ ከተገኘ ቀሪው ጣጣ ማዘርቦርዱ ነው። ባዮሱ ሙቀትና ኃይል ለመቆጣጠር ሲል ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ከሊኑክስ እጅ ይነጥቃል፤ ሊኑክስ አያውቅም፣ ቢያውቅም አብዛኛውን ጊዜ መከልከል አይችልም። ላፕቶፖች በዚህ የታወቁ ናቸው። ውድ ላፕቶፕ ወድቆ ከቢሮ የተወገደ ዴስክቶፕ የሚያልፍበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

ሻጩ ከፈቀደ ሳትከፍሉ ፈትኑ። ሊኑክስሲኤንሲ የተባለውን የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከፍላሽ አስነሡና ላተንሲ ቴስት የሚለውን ከፍታችሁ ማሽኑን አስጨንቁት፦ ፋይል ገልብጡ፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ መስኮቶቹን ወዲያ ወዲህ ጎትቱ። ከሁሉ የከፋው መዘግየት ከ20 ማይክሮሰከንድ በታች ከሆነ ግሩም ነው። ከ100 ካለፈ የስቴፐሩን ምት በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ማውጣት አይታሰብም።

ያም ሆኖ አትጣሉት፤ ስሌቱን እሱ ይሥራ፣ ሰዓት ጥበቃውን ለሌላ ስጡ። ክሊፐር የተባለው የሥሪዲ ፕሪንተር ሶፍትዌር ስሌቱን ለራስበሪ ፓይ፣ ሰዓት ጥበቃውን ለርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ያከፋፍላል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በሁለት ጎማ ሚዛኑን ጠብቆ ለሚቆም ሮቦት ግን እንቅስቃሴውን አስቀድሞ አስልቶ መላክ አይቻልም፤ ከሴንሰር እስከ ሞተር ያለው ዙር በሙሉ ሰዓቱን መጠበቅ አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ቁልፍ በኮምፒውተሩ በኩል አታሳልፉት፤ የሞተሩን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ይቁረጥ።