ኢኮኖሚ ሲያድግ ድህነት ሁሌም ይቀንሳል?

እጃጂ ዙሪያ ከገበሬዎች ጋር የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። «ኢኮኖሚው ካደገ ድህነት በራሱ ይጠፋል» የሚል አስተያየት ስለበዛ ላስረዳ።

1. ዕድገት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል።

2. ጥቅሙ ግን እኩል አይዳረስም። ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. የከተማ ድህነት ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ሲወርድ፣ የገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 በመቶ ብቻ ነው የወረደው።

3. ገጠሩን የሚለውጠው የማሳው ምርትና የገበያው ዋጋ ነው። ባኮ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ቢኤች 660 ያሉ የበቆሎ ዝርያዎች ምርት ይጨምራሉ። ማዳበሪያ ከዘገየ፣ ማከማቻ ጠፍቶ ሁሉም በአጨዳ ማግስት ከሸጠ ግን ትርፉ ከገበሬው እጅ አይገባም።

ዕድገትን በገበሬው ጎተራና ገቢ እንለካው። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።